ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ሽጉጥ

አባቴ ክሎዲዩስ ሻሌዬ ሽጉጥ ሲቀበል መጀመሪያ ይከፍተዋል። ከማን እንደተቀበለው አይጠይቅም፣ የሰጪውን ፊትም ቀና ብሎ አያይም። ከፍቶ፣ ጥይት የሚጎርስበትን ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። አርባ አንድ ዓመት በፈረንሳይ፣ በከተማችን በሴንት ኤትየን የጠመንጃ ፋብሪካ ውስጥ ሞረድ ይዞ የኖረ ሰው ነው። ልጅ ሳለሁ ለልደቴ የተገዛልኝን የውሃ ሽጉጥ እንኳ “እስቲ ልየው” ብሎ ተቀብሎኝ የውሃ መሙያውን ከፍቶ አየው። እናቴ በሳቅ ፍርፍር ስትል እሱ ፈገግ አላለም።

ይህ በእኛ ከተማ የአባቴ አመል ብቻ አይደለም። ብረት ነክቶ ያደረ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። በሰው ቤት ገብቶ ድስት ከፍቶ ማየት ነውር ነው፤ ሽጉጥ ግን ሳይከፍቱ መቀበል ነው ነውሩ። የሚቀየምም የለም። ሰጪው ራሱ ቆሞ ተቀባዩ እስኪከፍተው ይጠብቃል።

እኔ ብላንዲን እባላለሁ፣ ሥራዬ ለፊልም ቀረጻ የጦር መሣሪያ ማቅረብ ነው። በፖሊስና ወንበዴ ፊልም ላይ መርማሪው ከብብቱ ሥር የሚመዘው ሽጉጥ፣ ወንበዴው ካፖርቱ ውስጥ የሚደብቀው አፈሙዘ ቆራጣ ጠመንጃ፣ ብዙው ከእኔ ቤት የወጣ ነው። እውነተኛውን መሣሪያ ገዝቼ አፈሙዙን ከውስጥ በብረት እደፍነዋለሁ፣ እበይደዋለሁ፣ ከዚያ አረር የሌለው ጥይት ብቻ እንዲያጮኽ አደርገዋለሁ። ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ከተጠነቀቁለት ማንንም አይጎዳም። ቁጡ ሴት ነኝ ይሉኛል፣ ልክ ናቸው። ወርክሾፔ ገብቼ ሞርሳውን ካጠበቅሁ በኋላ ግን ከእኔ የተሻለ ሰላም ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነበር፣ እሱም አባቴ ነው። የዛሬ አስራ አንድ ዓመት ሊጎበኘኝ መጣ። ሞርሳው ላይ እሱ የሠራበት ፋብሪካ ያወጣው ባለሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ ነበር፤ ደፍኜ ጨርሼዋለሁ። አነሳው፣ ከፈተው፣ በአፈሙዙ ወደ መስኮቱ አጮለቀ።

“ብርሃን የለም” አለ።

“ለፊልም ነው አባዬ።”

“አፉን ለጉመሽ ገደልሽው በያ” አለና መልሶ አስቀመጠው። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወርክሾፔን ረግጦ አያውቅም።

አልተኳረፍንም። እሁድ እሁድ አብረን እንበላለን። የተፈቀፈቀ ድንች በመጥበሻ እንደ ቂጣ አድርጎ ይጠብስልኛል፣ በቀይ ወይን እናወራርደዋለን፣ የከተማችን ኳስ ቡድን አረንጓዴ ለባሾቹ ሲሸነፉ ቴሌቪዥኑ ላይ አብረን እንጮኻለን። ስለ እኔ ሥራ ከተነሳ ግን “ጨው አቀብዪኝ” ይላል። ጨው ከፊቱ ነው ያለው። የፓሪስ ሰዎች ሥራሽ ግሩም ነው ቢሉኝ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ከዚያ ሽማግሌ አንድ ቃል ነበር። አምሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ይህን ማለት ያሳፍራል፣ ግን እውነቱ ይሄው ነው።

ባለፈው መከር የፊልም ሰዎች ወደ ከተማችን መጡ። ታሪኩ በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ፖስታ ቤቶችን ስለሚዘርፍ ቡድንና ስለሚያሳድዳቸው የፖሊስ መርማሪ ነው። አዘጋጇ ኦርያን የምትባል ቀጭን የፓሪስ ልጅ ናት፤ ስትናደድ ድምጿ ዝቅ ይላል። መሣሪያውን ከእኔ ተከራየች። አጃቢ ተዋናይ ስትፈልግ ደግሞ ሽማግሌዎቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ በረጅም ቧንቧ ትንንሽ ቀስት እየነፉ ዒላማ የሚመቱበት ክበብ ገብታ ስድስት ጡረተኛ ጠመንጃ ሠሪዎች መርጣ ወጣች። አባቴ አንዱ ነበር። “ባርተለሚ ለምኖኝ እንጂ እኔስ ደንታም የለኝ” አለኝ፤ ከስድስቱ አንዱ የሆነውን የክበብ ጓደኛውን ማለቱ ነው። ውሸቱን ነው። ከሁለት ቀን በፊት ፀጉሩን ተስተካክሏል።

የመጀመሪያው ቀን የዘረፋው ቀን ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ባለ ስድስት ጥይት ሽጉጥ፣ አፈሙዛቸው የተቆረጠ ሦስት ባለሁለት አፍ ጠመንጃ፣ ስለቱን ያደነዝኩት አንድ ሴንጢ፣ ከስፖንጅ የተሠራ የፖሊስ ቆመጥ፣ እንዲሁም ለሩጫው የሚሆኑ አራት የጎማ ሽጉጦች ደርድሬያለሁ። ከጎማዎቹ አንዱ ጠሟል። የወንበዴዎቹን አለቃ ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ኮረንታን ጠዋት ቡና እየጠጣ ሳያየው ተቀምጦበት ነው።

ትዕይንቱ እንዲህ ነው፤ የመኪናው በር ይከፈታል፣ ኮረንታን መሣሪያውን ለአምስቱ ወንበዴዎች ያድላል፣ እነሱም ተቀብለው ወደ ፖስታ ቤቱ ይሮጣሉ። አባቴ የራሱ ትዕይንት በማግስቱ ስለነበር ከእኔ ጋር ቆሞ ያያል። “አክሽን” ተባለ። ባርተለሚ ጠመንጃውን ተቀበለ፣ ሰበር አድርጎ ከፈተ፣ አጎንብሶ አየ፣ “ባዶ” ብሎ ዘጋው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው መሃረብ አውጥቶ ወልወል አደረገው። አራተኛው የደረሰው የጎማ ሽጉጥ ነው፤ ሮጦ በመሄድ ፈንታ እያገላበጠ “ይሄ ደግሞ የት ነው የሚከፈተው?” አለ።

ኦርያን አስቆመችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። “ፖስታ ቤቱን ልትዘርፉ ነው ወይስ መሣሪያ ልትመረምሩ?”

“ሳናይማ አንዘርፍም” አለ ባርተለሚ።

በመጨረሻ ካሜራው መቅረጽ ከመጀመሩ በፊት መሣሪያውን አስይዘናቸው ነገሩ ተፈታ። እኔ ግን ኩራት ነፍቶኝ ነበር። በየቀረጻው ቦታ ሕጉ አንድ ነው፤ መሣሪያው ለተዋናዩ ከመሰጠቱ በፊት ከፍቼ እዞራለሁ፣ እያንዳንዱ ሰው በዓይኑ አይቶ “ባዶ” ይላል። ፓሪስ ውስጥ ስልካቸው ላይ አፍጥጠው “ባዶ” ሲሉኝ ስንቱን ጮኼበታለሁ። እዚህ ሳልለምናቸው ሁለቴ ሦስቴ የሚያዩ ሰዎች አገኘሁ፣ እነሱንም ያፈራቻቸው እኔን ያሳደገችኝ ከተማ ናት።

ሁለተኛው ቀን ያባቴ ቀን ነበር። ዳገቱ ሰፈር ያለች አንዲት ጠባብ አሮጌ ወርክሾፕ ተከራይተን፣ ባለቤቱ ከምሳ ሰዓት በኋላ እንድንለቅለት አስጠንቅቆናል። አባቴ የወንበዴውን አለቃ በድብቅ የሚያገለግል ሽማግሌ ጠመንጃ ሠሪ ነው የሚሆነው። ኮረንታን ይገባል፣ ምላጩ የከበደበትን ሽጉጥ ይሰጠዋል፤ አባቴ ሳያየው ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፣ “ነገ ና” ይላል። ሌላ ቃል የለም። ኦርያን ደግማ ደጋግማ ያስረዳችው አንድ ነገር ነው። “እንዳይከፍቱት ሙሴ ሻሌዬ። ሳይከፍቱ ሲቀበሉት ነው ተመልካቹ ሁለታችሁ ስንት ዘመን እንደምትተዋወቁ የሚገባው።”

“ገባኝ” አለ አባቴ።

ሽጉጡን ከፍቼ ዞርኩ። ሁሉም አየ፣ ሁሉም “ባዶ” አለ፤ አባቴ ከሁሉ ጮክ ብሎ። ዘግቼ ለኮረንታን ሰጠሁት። ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ኮረንታን ሽጉጡን ዘረጋለት፣ አባቴ ተቀበለ፣ አውራ ጣቱ መክፈቻውን ገፋ፣ ስድስት ቀዳዳ ያለው ጎራሽ ወደ ጎን ወጣ፣ ወደ መብራቱ አነሳው፣ መልሶ ዘጋው፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። “ነገ ና።”

“ካት” አለች ኦርያን። “ሙሴ ሻሌዬ፣ ከፈቱት እኮ።”

“አልከፈትኩትም።”

እንደማይዋሽ አውቃለሁ። የተቀረጸውን ወደ ኋላ መልሰው ሲያሳዩት መነጽሩን አድርጎ አየና ራሱ ደነገጠ። “እጄ ነው” አለ።

ሁለተኛው ቀረጻ ያው ሆነ። በሦስተኛው ግንባሩን አላበው። በአራተኛው አውራ ጣቱን ጨብጦ ሊቀበል ሲል ሽጉጡ ሊወድቅበት ነበር። ኮረንታን “በጎማው ብናደርገውስ?” ብሎ ሊያግዘው ሞከረ፤ አባቴ “ጎማ ይዤ ነው ጠመንጃ ሠሪ የምሆነው?” አለው። አምስተኛ፣ ስድስተኛ። እስከዚያ በመስኮቱ እያዩ ይስቁ የነበሩት ጓደኞቹ በሰባተኛው ላይ መሳቅ አቆሙ። እኔን የጎዳኝ የእነሱ ዝም ማለት ነው።

ኦርያን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። “ብላንዲን፣ ወድጄዋለሁ፣ ግን ጊዜ የለንም። አንዴ ብቻ እንሞክራለን። እንቢ ካለ ከትዕይንቱ አወጣዋለሁ፤ ኮረንታን ሽጉጡን ባዶ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ይሄዳል።”

አባቴ ጆሮው ደህና ነው፣ ሰምቷል። “ልጄ” አላት፣ “ከማላውቀው ሰው እጅ ነው እኮ።”

“ከደቂቃ በፊት ባዶ መሆኑን አይተዋል።”

“ከደቂቃ በፊት በእሷ እጅ ነበር። አሁን በእሱ እጅ ነው። እጅ ሲቀየር ተከፍቶ ይታያል።”

“እኔ ምን አደረግኩ?” አለ ኮረንታን።

“ምንም። ጥሩ ልጅ ነህ። ሽጉጥ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ግን ነህ።”

ሁሉም ሳቀ፣ ኦርያንም ሳቀች። ከዚያ ቁምነገሯን ጠየቀችው። “በዕድሜዎ ሙሉ ከማንም ሳይከፍቱ ተቀብለው አያውቁም?”

አባቴ አሰበ። “ከዦአኔስ” አለ በመጨረሻ። “ሃያ ሁለት ዓመት ሞርሳችን ጎን ለጎን ነበር። ከመሞቱ በፊት ባሉት ዓመታት ከእሱ ሳልከፍት ተቀብያለሁ። ከእሱ ሌላ የለም።”

እኔ ሦስት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። ልጁ ነኝ፣ ሥራዬም ይሄው ነው፣ ግን ከዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበርኩም። ተደርድሮ ያለቀውን ጠረጴዛ እንደገና መደርደር ጀመርኩ።

የሩብ ሰዓት እረፍት ተባለ። ቀና ስል አባቴ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆሟል።

“እስቲ ስጪኝ።”

ሽጉጡን ከፍቼ ሰጠሁት። ከኪሱ ያቺን ጠርዟ የተላጠ አጉሊ መነጽሩን አወጣ፣ ዓይኑ ላይ ሰካት፣ የአፈሙዙን ውስጥ ማየት ጀመረ። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ሥራዬን ብሎ ሲመረምር የመጀመሪያው ነው። እንደ ተፈታኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

“ብየዳው የማን ነው?”

“የእኔ።”

“ሲቀዘቅዝ አልተሰነጠቀብሽም?”

“የመጀመሪያው ተሰንጥቋል። አውጥቼ እንደገና ሠራሁት።”

“ማን አየብሽ?”

“ማንም። ራሴ አየሁት።”

“በካሜራ አይታይም ነበር እኮ።”

“አይታይም። ግን ይፈነዳ ነበር።”

እህ አለና ጎራሹን ዘጋ። አፈሙዙን ወደ ባዶው ግድግዳ አድርጎ ምላጩን ቀስ ብሎ ሳበው፤ ቀጭ አለ። ደግሞ ሳበው። “ምላጩንም አንቺ ነሽ የሞረድሽው?”

“አዎ።”

“ለስላሳ ነው” አለና መለሰልኝ። ወደ ወንበሩ ሄዶ ተቀመጠ። ይኼው ነው ያለው። ብረትን ለስላሳ ነው ሲል ግን ስንቴ ሰምቼዋለሁ? ሁለቴ ቢሆን ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዦአኔስ ሥራ ነበር። ፊቴ ጋለ፤ ማንም እንዳያየኝ ጥይቶቹን መቁጠር ያዝኩ።

ኦርያን ከካሜራማኑ ጋር ስትንሾካሾክ ቆይታ መጣች። የኮረንታንን ፊት ለብቻ ይቀርጹታል፤ ርክክቡን ደግሞ በቅርበት፣ እጅና እጅ ብቻ። “እንግዲህ እጅ ብቻ ከሆነ የሚታየው” አለች፣ “የማንም እጅ ሊሆን ይችላል።” ማንንም አልጠራችም።

ኮረንታን ካፖርቱን አወለቀና ትከሻዬ ላይ ጣለው። “ልበሺው በቃ። የእኔን እጅ ጠዋት ጠዋት ስንት ሰዓት ነው በቀለም የሚያቆሽሹት። ያንቺ ሳይለፋበት ቆሽሾ የመጣ ነው።”

ፈራሁ። ፍርሃቴን አልደብቅም። ከኮረንታን ሲከፍት ሥራው ነው ይባላል። ከእኔ እጅ ተቀብሎ በጓደኞቹና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከከፈተው ግን መልሴን አገኘሁ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጨው አቀብዪኝ ብሎ የሚያድበሰብሰው እሁድ አይኖርም። አይሆንም ልል አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ።

“ምን ትጠብቂያለሽ? ምሳ ሰዓት እየደረሰ ነው እኮ።”

ካፖርቱን ለበስኩ፤ ጉልበቴ ድረስ ወረደ። ሽጉጡን ከፍቼ ዞርኩ፣ ሁሉም አየ፣ ሁሉም “ባዶ” አለ። ዘጋሁት። ካሜራው እስከ እጃችን ድረስ ተጠጋ። “አክሽን።”

ዘረጋሁለት። መዳፉ ተከፍቶ ጠበቀኝ፤ ሞረዱ ያደነደነው መዳፍ ነው። ክብደቱ ከእጄ ወጣ። አውራ ጣቱ ወዲያው ሽቅብ ሄዶ መክፈቻው ላይ ተቀመጠ። ጥፍሩ ሲነጣ አየሁ። እየገፋው ነው። በቃ አልኩ በልቤ። ጣቱ እዚያው ቆየ። እጄን ማንሳት ነበረብኝ፣ ረስቼው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ጣቱ ከመክፈቻው ላይ ቀስ ብሎ ተነሳና እጀታው ላይ ተኛ። በግራው መሳቢያውን ሳበ፣ ሽጉጡን አስገባ፣ ዘጋው። አላየኝም።

“ነገ ና” አለ።

ካት የሚል ጠፋ። በመጨረሻ ኦርያን ስትልም ድምጿ በጭንቅ ነው የተሰማው። “በጣም ጥሩ ነው ሙሴ ሻሌዬ። ለጥንቃቄ አንዴ ብቻ እንደግመዋለን።”

“አይደገምም።”

“ብርሃኑ ትንሽ …”

“ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ሁለቴ አላደርግም። ካልያዝሽው ተይው።”

ኦርያን ካሜራማኑን አየችው፣ እሱ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። “ይዘነዋል” አለች።

“በቃ እንግዲያው።”

ላቅፈው ፈልጌ ነበር፤ እኔና አባቴ ግን እንዲያ አይነት ሰዎች አይደለንም፣ ደግሞም የካፖርቱ እጅጌ እጄን ውጦታል። እሱ መሳቢያውን ከፈተ፣ ሽጉጡን አወጣ፣ አሁንም ሳይከፍተው እጀታውን ወደ እኔ አድርጎ ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት። ሳላስበው ጣቴ መክፈቻውን ገፍቷል። ጎራሹን አውጥቼ ወደ መብራቱ አዞርኩት፤ በስድስቱም ቀዳዳ ብርሃን ገባ።

“ባዶ” አልኩ።

ያደረግኩት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እሱ ከእኔ ሳይከፍት ተቀብሎኝ፣ እኔ ከእሱ ስቀበል ከፈትኩበት፣ ያውም በሰው ፊት። “ይቅርታ አባዬ” አልኩ።

አባቴ ኮፍያውን አነሳ፣ አቧራውን አራገፈ፣ አደረገው።

“ሳትከፍቺ ብትቀበዪኝ ነበር ጉድሽ የሚፈላው” አለኝና ለምሳ ቀድሞኝ ወጣ።